ከደጅ የማያልፍ ጀዋፋ

ዛሬ ጠዋት ቡሪ ሰፈር ውስጥ የጀዋፋ ሽታ መንገድ ላይ ገትሮ አቆመኝ። አገር ቤት ዘይቶን የምንለውን ፍሬ ነው እዚህ ካርቱም ጀዋፋ የሚሉት። አንድ ባለጋሪ አህያውን ጥላ ሥር አቁሞ ጋሪ ሙሉ ደርድሮታል፤ ከላይ ቢጫው፣ ከሥር ገና ያልበሰለው፤ የነጋዴ ድርደራ በየትም አገር አንድ ነው። ሰው ሁሉ እየጨመቀ ይመርጣል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ጸጉሯ የነጣ ሴት ገበያ መሀል ዓይኗን ጨፍና ስትቆም ያየ ሰው ስኳሯ የወረደ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ሮጦ ውሃ አመጣልኝ። ውሃውን ጠጣሁለት፤ ለምን እንደቆምኩ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ያ ሽታ በወጣትነቴ ስሜን ለጥቂት ነበር ያላጠፋው።

ኩራት ጥሩ አይደለም ይባላል። በዚህ ዕድሜዬ ትሕትናው ይቆየኝና ልኩራ። የዕፅዋት ባዮኬሚስት ነኝ፤ ኋላም የዘረ መል ተመራማሪ ሆኛለሁ። ዕድሜ ልኬን የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የማሽላ ሥር አፈር ውስጥ ምን ያወጣል? ማንንስ ይጠራል? እናቴ ነገር ሲወሳሰብባት «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ትል ነበር፤ እኔ ተረቱን ቃል በቃል ወስጄ እንጀራዬ አደረግሁት። ጥያቄውን መጠየቅ የጀመርኩት ደግሞ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። እናቴ ካፉሪ ሰፈር አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ባቢክር ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አይተው «ይቺ ሐበሻ ስታጥብ ታስባለች» ብለዋል አሉ። እኔ አልሰማሁም፤ የነገሩኝ ዓም ኢድሪስ ናቸው። ዓም ማለት አጎት ማለት ነው፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያዥ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ዕቃ ጠጋኝና ወሬ አቀባይ ሁሉም እሳቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ በአንድ ጅኔህ፣ በአንድ የሱዳን ፓውንድ ማለት ነው፣ ሃፍላ ተሳፍሬ፣ ከቤተ ሙከራው ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከምትቀመጠው ሻይ ሻጭ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ጠጥቼ፣ ለመልሴ የሚሆን ይተርፈኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ጅኔህ የሻይዋን እንፋሎት እንኳ አያስሸትቱህም። ሃፍላው፣ ማለትም ሚኒባሱ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ ያደርገዋል፤ አንዱ የሱዳን፣ አንዱ የኛ፤ ተሳፋሪው ሁለቱንም እኩል ያጨበጭብላቸዋል። ሱዳናውያን የትምህርት ጓደኞቼ ቀለም ቀለሙን ቶብ ተጠቅልለው እንደ ንግሥት ሲራመዱ፣ እኔ ባለአበባ ቀሚሴ ላይ የሆነ ረጅም ወንድ ትቶት የሄደውን ነጭ ጋዋን እደርባለሁ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌው እንኳ ጣቶቼ ብቻ ነበሩ የሚታዩት። ያም ሆኖ ጋዋኑን ለብሼ ሻይ ለመጠጣት ስወጣ፣ ደረቴን ከመንፋቴ የተነሣ ወደኋላ እንዳልወድቅ ያሰጋኝ ነበር። አሁን በጓዳዬ ልክክ ያሉ ሦስት ጋዋኖች ተሰቅለዋል፤ አንዳቸውም እንደዚያ ደረት አያስነፉም።

ፕሮፌሰሩ ከብርጭቆው አንሥተው ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያስገቡኝ የሰጡኝ ሥራ አቀንጭራ ነበር። የማሽላ ገበሬ አቀንጭራን ሲያይ ይረግማል። አበባዋ ሐምራዊ፣ ለዓይን ደስ የምትል ናት፤ ከሥር ግን የማሽላውን ሥር ነክሳ ምግቡን ትመጠምጠዋለች። ሱዳኖች ‹ቡዳ› ነው የሚሏት። እናቴ «ምንድን ነው የምታጠኚው?» ስትለኝ ስሟን ብነግራት ሦስት ጊዜ አማተበች። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላ ሥር አጠገቧ ሲደርስ የሚያወጣው ቅመም አለ፤ ያን ጊዜ ነቅታ ትይዘዋለች። እኔ ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ የተገኘ ማሽላ ነበረኝ፤ ሽማግሌው «አቀንጭራ ይህን አትነካውም» ብለው ነበር። ለምን? ብዬ ብሞክር፣ ሥሩ ያንን ቅመም ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው የሚያወጣው። ማሽላው አይጠራትም፤ እሷም አትነቃም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ‹ዝምተኛው› ብለን ስም አወጣንለት። አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቱንም ጊዜ እንዲያው ሆነ፤ መመረቂያዬም ይኸው ነበር።

ፈተናው ግን በወረቀት ብቻ አልነበረም። ከውጭ አገር የመጡት ፈታኝ «እኔ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ያሉ ሰው ናቸው፤ ክፉ አልነበሩም፣ ደረቅ ነበሩ። ስለዚህ ሙከራውን ለእሳቸው ደግሜ ማዘጋጀት ነበረብኝ። የአቀንጭራውን ዘር በእርጥበትና በሙቀት ሁለት ሳምንት ታሰናጃለህ። ከዚያ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ሳህኖች፣ እንደ ጄሊ በረጋ ነገር ላይ ትበትነዋለህ። በአንዱ ሳህን ተራ ማሽላ፣ በሁለተኛው ዝምተኛው፣ በሦስተኛው ምንም ሥር የለም፤ ባዶውን የምናስቀምጠው ለምስክርነት ነው። ሦስት ቀን ጨለማና ሞቃት በሆነው ኢንኩቤተር ውስጥ ዘግተህ፣ ሳትነካ፣ በአራተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ስንቱ እንደነቃ ትቆጥራለህ። ሳህኖቹን አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ «ማንም እንዳይከፍተው» ብዬ ለዓም ኢድሪስ አደራ አልኩና ለጥያቄው ለመዘጋጀት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈታኞቹ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ በሳህን የተደረደረ ቢጫ ጀዋፋ ነበር። ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም፤ ፈታኙ አንዱን ገምጠው «እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» ሲሉ እኔም በሆዴ «ጥሩ፣ ልባቸው ይለስልስ» አልኩ። የሙከራ ሳህኖቹን ከኢንኩቤተሩ አወጣሁ። ተራው ማሽላ አጠገብ ያለው የአቀንጭራ ዘር ነቅቷል፤ እሰየው። የዝምተኛውን ሳህን አየሁ፤ እዚያም ነቅቷል። ሥር የሌለበትን፣ ምንም ሊነቃበት የማይገባውን ባዶ ሳህን አየሁ፤ እሱም ነቅቷል! ከፈታኞቹ አንዱ፣ ድሮም ለሁለተኛ ዲግሪ መግባቴን ያልወደደው የትምህርት ክፍላችን ዶክተር፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ በዓረብኛ እንዲህ አለ፦ «ዕቃ አጣቢ እንድትቆጥር ስታዝ፣ የወደደችውን ትቆጥራለች።» ሰነፍ ወይም ሞኝ ቢለኝ እችለው ነበር። ያለኝ ግን ውሸታም ነው። በኛ ሙያ ቁጥር ፈጥራለች የተባለች ሴት ብርጭቆ እንኳ እንድታጥብ አትታመንም። ፕሮፌሰር ባቢክር ሳህኖቹን አንድ በአንድ አይተው «ፈታኙ ወር ሳይሞላ አይሄዱም፤ አንድ ጊዜ ትድገመው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ጥርጣሬ ሰማሁ። ከሁሉም ያ ነው ያመመኝ።

ለእናቴ አልተናገርኩም። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ገና አላለቀም» አልኳት። በሦስተኛው ቀን፣ ተሰናድቶ ከተረፈኝ ዘር አዲስ ሳህኖች ላስገባ ኢንኩቤተሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ከሙቀቱ ጋር ጣፋጭ ሽታ አብሮ ወጣ። ጀዋፋ! ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ አለ፤ ኤትሊን ይባላል። ይህ ጋዝ አቀንጭራን ያለ ሥር እንደሚቀሰቅሳት አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ፣ ከመስመሩ ሥር በእርሳስ አስምሬበት ነበር። ማስመር ማወቅ አይደለም ለካ።

«ዓም ኢድሪስ! ማነው ኢንኩቤተሩ ውስጥ ጀዋፋ ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «ኡም ስንዱ አመጣችው፤ ለፕሮፌሰሩ ስጦታ። ጥሬ ስለሆነ ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ አለችኝ። ወላሂ እዚህ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚሻል ሙቀትና ጨለማ የት አለ?»

«ማንም እንዳይከፍተው ብዬዎት አልነበር?»

«ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፣ ያ ቢቲ። እኔ ‹ማንም› ነኝ እንዴ?»

ያ ቢቲ «ልጄ» ማለት ነው፤ ኡም ስንዱ ደግሞ የስንዱ እናት፤ ስንዱ እኔ ነኝ። እናቴ የልጇን አስተማሪ በባዶ እጇ ሰላም የምትል ሴት አልነበረችም። አሠሪዋን አስፈቅዳ ከካፉሪው ግቢ ዛፍ በእጇ ለቅማ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት ሃፍላ ቀያይራ መጥታለች። ፕሮፌሰሩን ስላጣቻቸው ለዓም ኢድሪስ ሰጥታ ተመለሰች። እሳቸውም ፍሬውን በፈተናው ቀን ማለዳ አውጥተው፣ አጥበው፣ በሳህን አቀረቡት። ፈታኞቹ እየበሉ ሲያመሰግኑት የነበረው፣ እኔን ውሸታም ያሰኘኝን ያንኑ ፍሬ ነበር።

ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር ዓም ኢድሪስ ከሥራ ይባረራሉ፤ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። እናቴ ደግሞ ነገሩ ከደረሳት ትሞታለች። ባትሞትም፣ የልጄን ወግ በእጄ አበላሸሁ ብላ ዳግመኛ ቀና አትልም። ለፈታኞቹ «የሚበስል ፍሬ ኢንኩቤተር ውስጥ ነበረ፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዶክተሩ «ከዕቃ አጣቢ የሚጠበቅ ነው» አለ። ዋጥኩት። ከውሸታም ዝርክርክ ይሻላል፤ ዝርክርክነት ይታጠባል። «አሁን ግን» አልኩ፣ «በሁለት ኢንኩቤተር አሳያችኋለሁ። በአንዱ ጀዋፋ አለ፣ በአንዱ የለም። በሩን ራሳችሁ አሽጉት።» ፈታኙ በሁለቱም በሮች ላይ ወረቀት ለጥፈው ፈረሙ። ዓም ኢድሪስ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበራቸውን በሩ ፊት አኑረው ተቀመጡ፤ ለሶላት ሲነሡ እንኳ ምንጣፋቸውን እዚያው ነበር የሚያነጥፉት።

በሮቹ ሲከፈቱ ፈታኙ ለማንም አልለቀቁም፤ ራሳቸው ቆጠሩ። ጀዋፋ ባለበት ሁሉም ነቅቷል። በሌለበት ተራው ማሽላ አቀንጭራዋን ቀስቅሷታል፤ ባዶው ሳህን ባዶ ነው፤ ዝምተኛውም ዝም እንዳለ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጨብጡኝ ዶክተሩ መስኮት መስኮቱን ያያል። ፕሮፌሰር ባቢክር ደግሞ ሳቃቸው መጣና «ያስቀመጠውን ሰው አመስግኚልኝ» አሉ፤ እኔ እንዳልሆንኩ ገብቷቸዋል። «ያለ ሥር የነቃች አቀንጭራ የምትይዘው አጥታ በቀናት ትሞታለች። በሀብታም አገር ለዚህ ብለው ጋዙን አፈር ውስጥ ይነፋሉ። የኛው ግን በጀዋፋ ተሠራ!» እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በታተመው ጽሑፌ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና በሚጻፍበት ቦታ፣ የእናቴን ስም አስገባሁ። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ወረቀቱን ግን በፕላስቲክ ሸፍና ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ሳስታውሰው አሁንም ደረቴ ይነፋል። ዝምታው በየትኛው የዘረ መል ክፍል እንደተጻፈ ፍለጋ ገባን። ዘረ መል የሚያባዛው ማሽን ደረሰን ስንል መብራቱ ጠፋ፤ ጠፍቶም አልመጣ አለ። ተማሪዎቼን አሰልፌ በከሰል ምድጃ ሦስት ድስት ውሃ ጣድኩ፤ አንዱ ሊፈላ የደረሰ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ በመካከላቸው። ቱቦዎቹን በእጃችን ከድስት ድስት እያዘዋወርን፣ ሰዓት ስለሌለን በዓም ኢድሪስ ሬዲዮ ዘፈን እንለካ ነበር። አዝማቹ ሲዞር «ያላ!» ይላሉ ዓም ኢድሪስ፣ ሁላችንም እናዘዋውራለን። የዛሬ ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ያንን ዘረ መል አገኘነው። ዝምተኛውን ኪስራ የሚሉት የሱዳን ስስ እንጀራ ከሚጋገርበት ማሽላ ጋር እያዳቀልን፣ ከዓመታት በኋላ ገዳሪፍ አንድ ማሳ ዳር ቆሜ አየሁት፤ እስከ አድማሱ ማሽላ፣ አንዲት ሐምራዊ አበባ የለችበትም። አለቀስኩ። ባለማሳው «አቧራ ገባብሽ?» ቢለኝ «አዎ» አልኩት።

እናቴ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ በየወቅቱ ጀዋፋ ታመጣልን ነበር። ግን ገብታ አታውቅም። ከበሩ ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከቧንቧው እጇን እስከ ክርኗ ሳትታጠብ አትስመኝም። ተማሪዎቼ ተራ በተራ እየወጡ ይበላሉ። «ግቢ እንጂ፣ እማዬ፣ ቤተ መቅደስ አደረግሽው እኮ» እላታለሁ። «እዚሁ ይበቃኛል፤ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ» ትለኛለች። ጉልበቷ ደረጃውን ፈርቶ ወይም የተማረ ሰው አፍራ ይመስለኝ ነበር። ያን የጥንቱን ነገር ሳትሰማ መሞቷ ደግሞ የብቻዬ ደስታ ነበር። ጦርነቱ ከተማውን ሲበትነው፣ ቤተ ሙከራው ሲዘረፍና ማቀዝቀዣዎቹ ሲሄዱ፣ «ምንም ቢወስዱ፣ እናቴን መከለሌን አይወስዱብኝም» እያልኩ ተጽናናሁ። ዘሩም አልጠፋም፤ በገበሬዎቹ ጎተራ ነበር። ተመልሰን ሁለት ክፍል ጠርገናል፤ ተማሪዎቹ በአንድ አሮጌ ኢንኩቤተር ጀምረዋል።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ውሃውን ጠጥቼ ቀና ስል፣ ከጋሪው ማዶ በከዘራ የተደገፉ ሽማግሌ ያዩኛል። ጥርሳቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ያ ቢቲ! ስንዱ አይደለሽም?»

ዓም ኢድሪስ! ገበያው መሀል ተቃቀፍን። ጀሪፍ ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ፣ ማን እንደተመለሰ ተጠያየቅን። ከዚያ ጋሪውን በከዘራቸው አመልክተው «ይህን ሳይ ኡም ስንዱ ትመጣብኛለች፤ አላህ ይማራት» አሉ። እኔም ሳቅሁና «ምስኪን፣ ያንን ሳታውቅ ሞተች» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ አዛወሩት።

«ታውቃለች፣ ያ ቢቲ። በዚያው ሳምንት ነው ያወቀችው። ፕሮፌሰሩ ጀዋፋውን ወደዱት ወይ ብላ ልትጠይቀኝ መጣች። መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንቺ ‹እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት› ማለትሽንም ጭምር። ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና አማለችኝ። ‹እንዳትነግራት› አለች። ‹እናቴን ከለልኩ ብላ ኮርታለች። ኩራቷን አትንካባት። እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጀዋፋ ይዤ ይህን በር አላልፍም።› እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ጠበቅሁት። አሁን አረጀሁ፤ ይዤው ብሄድ ለማን ይሆናል?»

እጃቸውን ሳምኩ። ዕድሜ ልኬን የከለልኳት እኔ ነኝ ስል፣ እሷ ነበረች ለካ የኔን ኩራት ከደጅ ተቀምጣ ስትጠብቅልኝ የኖረችው። አፈርኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከማሽላውም ከዘረ መሉም በላይ ኮራሁ። የዚያች ሴት ልጅ ነኝ።

አንድ ከረጢት ጀዋፋ ገዛሁ፣ ከበሰለው። በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ቤተ ሙከራው ድረስ ሄድኩ። አግዳሚው ወንበር አንድ እግሩ በጡብ ተደግፎ አሁንም አለ። ከቧንቧው እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩና ተቀመጥኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ በመስኮት አየችኝና ብቅ አለች፦

«ያ ዶክቶራ፣ ለምን አይገቡም? ሳህኖቹን ዛሬ ነው የምንቆጥረው!»

«እዚሁ ይበቃኛል» አልኳት፤ «ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ጀዋፋ አምጥቻለሁ፤ ተራ በተራ እየወጣችሁ ብሉ። ስትመለሱ ግን እጃችሁን ታጠቡ።»